በጋሼ ኩለር ውስጥ የተገኙት ሰባት ዓሣዎች

እኔ ዓሣ አውቃለሁ። ዛሬ ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ያን ጊዜ ግን ለጉራ ነበር የምለው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

አገር ቤት፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ባለሙያ ነበርኩ። የመረብ ዓይን እለካለሁ፤ ዓይኑ ጠቦ ጫጩቱን ሁሉ የሚያግበሰብስ መረብ ሳገኝ እወርሳለሁ፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በሚራባበት ወራት ዳር ዳሩን እየዞርኩ አጥማጆቹን «እባካችሁ ትንሽ ታገሡት፣ ነገ የሚበዛው ለእናንተው ነው» እላለሁ። እነሱም «እስኪበዛ ድረስ እኛ ምን እንብላ?» ይሉኛል። ሁለታችንም እውነት ነበረን። ዲቪ ደርሶኝ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ስገባ ያ ሁሉ እውቀት የሚፈልገው አጣ። ዐሥር ዓመት ያህል የኤርፖርት ሸትል ነዳሁ። ከዴንቨር ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎቹ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለበረራዬ እደርሳለሁ?» ስለ ቆሮሶ የጠየቀኝ የለም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዐሥራዎቹ አጋማሽ ላይ በስልክ የሚጠራው ታክሲ መጣና ሸትሉን ባዶ አደረገብን። ሥራው እየቀጠነ ሲሄድ ባለቤቴ አንድ ማስታወቂያ አገኘች። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የዓሣ ማራቢያ ሠራተኛ ይፈልጋል። ትራውት የሚባለውን ዓሣ ከእንቁላሉ ጀምረው በገንዳ እያሳደጉ በየሐይቁ የሚለቁ ናቸው። «ይሄማ ያንተ ሥራ ነው» አለችኝ። በዚያው ማታ አፕላይ አደረግኩ። ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፤ የዓሣ ወይም የአደን ሕግ ተላልፈህ ተከሰህ ታውቃለህ? «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ሳደርግ ሳቄ መጣ። ወይ ጉድ! ከሳሹ እኔ አልነበርኩም እንዴ?

ለኢንተርቪው ስሄድ የማራቢያው ኃላፊ፣ ፀሐይ ያጠቆራት ቀጭን ፈረንጅ፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። «አጥማጁ ብዙ ዓሣ ይፈልጋል። እኛ እናረባለን። ሐይቁንና በተራራው ጅረት ያለውን ነባር ዓሣ የሚጠብቁት ደግሞ ቀንሱ ይሉናል። አንተ ብትሆን ሦስቱን እንዴት ታስታርቃለህ?» አፌ ተከፈተ። ዝዋይን አወራሁላት፤ አጥማጆቹ በመጨረሻ ተሰብስበው ሐይቁን በመራቢያው ወራት ለማሳረፍ እንደተስማሙ አወራሁላት። «ሕግ የሚያስከብረው ኦፊሰሩ አይደለም» አልኳት፤ «አራት በተፈቀደበት፣ ማንም በማያየው ቦታ አምስተኛውን ዓሣ ወደ ውሃው የሚመልሰው ሰው ነው።» ሴትዮዋ ይህን በወረቀቷ ላይ ጻፈችው። ዛሬም ፋይሌ ውስጥ ይኖራል መሰለኝ፤ ባሰብኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ስንጨባበጥ «ያለፈ ታሪክህ ተጣርቶ ባክግራውንድ ቼኩ ካለፈ ሥራው ያንተ ነው» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። በዓሣ ሕግ የተቀጣ ሰው እዚህ አይሠራም። በዚህ ድርድር የለም።» እኔ ላይ ምን ሊገኝ! እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ይህን ወሬ ከባለቤቴ ቀጥሎ የነገርኩት ለጋሼ ነው። ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ከእኛ በታች ባለው አፓርትመንት ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ናዝሬት ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሁለት ሺፍት ስለምትሠራ ሐኪም ቤትም፣ ፋርማሲም፣ የመንግሥት ቢሮም የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛቸው «የስ» እና «ታንክ ዩ» ነው። የቀረውን እኔ አስተረጉማለሁ። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ እንኳ በስሜ አይጠሩኝም፤ «ይሄ አፌ ነው» ይላሉ። በአንድ ነገር በጣም ይኮሩ ነበር። «ስንት መዝገብ በእጄ አለፈ» ይላሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ፤ «የኔ ስም ግን አንድም ቀን በተከሳሽ ቦታ አልተጻፈም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ልጄ።» የሥራውን ነገር ስነግራቸው ቆመው ሳሙኝ። «ውሃህ ጠራልህ! እኔ በጸሎት አስብሃለሁ፤ አንተ ብቻ እስኪያልቅ ድረስ ጠንቀቅ ብለህ ተራመድ» አሉኝ።

ጠንቀቅ ብዬ ተራመድኩ? ይኸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከኦሮራ ወጣ ብሎ ወዳለው ሐይቅ አብረን እንሄድ ነበር። የዓሣ ላይሰንስ ያወጣሁላቸው እኔው ነኝ። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። የዓሣና የጾም ክርክር በኛ ዘንድ መቼም አያልቅም፤ ግማሹ ምእመን «ዓሣ ይበላል፣ አባቶች በልተዋል» ይላል፣ ግማሹ «በሁዳዴ አይሆንም» ይላል። ጋሼ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ከቅዳሜና እሑድ በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፋቸው አይዞርም፤ ከዚያ በኋላም ዓሣ አይቀምሱም። ድንገት መንጠቋቸው ላይ አንድ ቢያዝላቸው «በል ሂድ፣ አንተም ጹም» ብለው ይለቁታል። የሚመጡት ውሃውን ለማየት ነው። አንድ ነጭ ኩለር፣ ምግብ የሚያቀዘቅዝ ሣጥን፣ ይይዛሉ፤ ውስጡ የሚቀምሱት ዳቦ፣ ቆሎና ውሃ አለ።

በዚያ ሳምንት እሑድ የማኅበራችን ተራ እኛ ቤት ነበር። ዓርብ ዕለት ሃቫና ስትሪት ላይ ካለው ገበያ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። እሷ በረዶ የሆነ ዓሣ በካርቶን ስታነሳ አየሁ። የማኅበሩ ሁለት ሴቶችም እዚያው ነበሩ። «መልሺው!» አልኳት። «ከየት ኩሬ እንደወጣ የማይታወቅ ዓሣ እኔ ቤት ይበላል? የዓሣ ባለሙያ አግብተሽ?» ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅልኝ አላበቃም። «ነገ ከሐይቁ ትኩስ አመጣለሁ፤ ለሁላችሁም ይበቃል!» ባለቤቴ ካርቶኑን መለሰችና «ጉረኛ» አለችኝ ቀስ ብላ። የናቅኩት ዓሣ እኮ በኩሬ የረባ ነው፤ እኔም ልቀጠር ደጅ የምጠናው ዓሣ የሚያረባ ቤት ነው። ይህ ያን ጊዜ አልታየኝም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን ከዳርቻው ፓርክ አደረግኩ። በረዶው ቀልጦ አልቋል። ከጥቂት ቀን በፊት ዓሣ የጫነ መኪና መጥቶ ትራውት ለቋል። ከገንዳ የወጣ ዓሣ የዋህ ነው፤ ያየውን ሁሉ ይጎርሳል። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አራት ነው። ያ ዓሣ እዚያ ሐይቅ ውስጥ አይራባም፤ በእጅ አድጎ፣ በመኪና መጥቶ የሚለቀቅ ነው፤ አንዱ ከድርሻው በላይ ከወሰደ ከኋላው ለሚመጣው አይተርፍም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ዳርቻ አልነበረም።

አራት ሰዓት ሳይሞላ አራቱን ይዤ ባልዲዬ ውስጥ ጨመርኩ። እዚያ ላይ መሄድ ነበረብኝ። ግን አራት ዓሣ ለማኅበር ምን ይሆናል? ወደ ጋሼ አየሁ። የእሳቸው አራት አለ አይደል? አይወስዱት፣ አይበሉት! የአንድ ቤት ሰው ድርሻ ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ሕጉ እንዲህ እንደማይል አውቃለሁ፤ እያንዳንዱ የራሱን ራሱ ነው የሚይዘው። እኛ ግን በአንድ ገበታ የምንበላ ሰዎች ነን፤ ያንተ የኔ ማለት አናውቅበትም፤ ይህንኑ መልካም ልማዳችንን ለስርቆት አዋልኩት።

«ጋሼ፣ ኩለርዎ ውስጥ ትንሽ ዓሣ ላስቀምጥ?»

«ዳቦዬን እንዳያሸትብኝ እንጂ አስቀምጥ» አሉና ዳቦውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። እኔ ስይዝ፣ ኩለሩን ስከፍትና ስዘጋ አልቆጠሩም፤ የዘወትር ጸሎታቸውን ይደግሙ ነበር።

አራት ገባ። ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ ናት፤ ሁለት ቤተሰብ ተጨምሯል፣ ይበቃል ወይ? «ይበቃል!» አልኳት። አምስተኛውን ስይዝ ያ ኢንተርቪው ላይ የተናገርኩት ትዝ አለኝ። አለኝ እንጂ! ዓሣውን ይዤ ትንሽ ቆሜም ነበር። ከዚያ ኩለር ውስጥ ጨመርኩት። ከአምስተኛው በኋላ ስድስተኛውና ሰባተኛው አይከብዱም።

የዓሣ ተቆጣጣሪው ኦፊሰር በዳርቻው በኩል በእግሩ መጣ። ወጣት ነው፤ ፊቱ ገራገር ነው። ላይሰንሴን አየ፣ ባልዲዬን አየ፤ አራት፤ ጥሩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ኩለሩን ከፈተ። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«ይህ ኩለር የማን ነው?»

«የሳቸው ነው» አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም።

«ሁሉንም የያዙት እሳቸው ናቸው? ጠይቅልኝ።»

በዚያች ቅጽበት በዓይኔ የመጣው የዚያች ሴትዮ ፊት ነው። በዓሣ ሕግ የተቀጣ ሰው እዚህ አይሠራም። ዐሥር ዓመት የጠበቅኩት በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፤ ሊዘጋ ነው። ወደ ጋሼ ዞርኩና በአማርኛ እንዲህ አልኳቸው፤ «ኩለሩ የእርስዎ ነው ወይ ይላል።»

«አዎ፣ የኔ ነው» አሉ ጋሼ። ወደ ኦፊሰሩም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «የስ፣ የስ» አሉት።

«ከአራት በላይ እንደማይፈቀድ ያውቃሉ?»

«ላይሰንስ አለዎት ወይ ይላል፣ ጋሼ።»

«እንዴታ!» ቦርሳቸውን አውጥተው ላይሰንሳቸውን በሁለት እጃቸው ሰጡት። የኛ ሽማግሌ ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው እንዲህ ነው፤ ብድግ ይላል፣ በሁለት እጁ ይሰጣል፣ እሺ ይላል። እኔ ይህን አውቄ ነው የተጠቀምኩበት። «የስ» አሉ ጋሼ ፈገግ ብለው።

ኦፊሰሩ አፈረ፤ እሱ! «ብዙ ሰው ይክደኛል» አለኝ፤ «እኚህ ሰውዬ ግን ሐቀኛ ናቸው። ባልጽፍባቸው ደስ ባለኝ።» ጻፈ። የኩለሩን ሰባት ዓሣ ወሰደ። ወረቀቱን ለፊርማ ሲዘረጋ ጋሼ «ምንድን ነው?» አሉኝ። «ላይሰንስዎን መመዝገቡ ነው፤ ይፈርሙ» አልኳቸው። ያን የሬጅስትራር ፊርማቸውን፣ ረጅሙንና ጠመዝማዛውን፣ አሳምረው ፈረሙ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳስነሳ መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ዘረጉ። ከላይ እስከ ታች አዩት። 

«ይሄ መጥሪያ ነው» አሉ።

«አይደለም ጋሼ፣ ይሄ…»

«ልጄ፣ እንግሊዝኛ ባላውቅ መጥሪያ አላውቅም? ይኸው የመዝገብ ቁጥር፣ ይኸው የቀጠሮ ቀን፣ ይኸው ስሜ። ስንቱን በእጄ ጽፌ ልኬያለሁ።» ጣታቸው በስማቸው ላይ ቆሞ ነበር። «ለምን በኔ ስም?»

እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ይባላል። እኔ ግን ቤቴ መድረስ ፈለግኩ። «ዓሣው ትንሽ በዝቶ ነው፣ ጋሼ። ኩለሩ የእርስዎ ስለሆነ በእርስዎ ጻፈው፤ እዚህ አገር ሕጉ እንደዚያ ነው። ትንሽ ነገር ናት፣ በፖስታ እንጨርሳታለን፤ መሄድም አያስፈልግ።»

ወረቀቱን ከመነጽራቸው ጋር ቦርሳቸው ውስጥ አኖሩት። ከዚያ «ሕጉ እንደዚያ ከሆነ መልካም» አሉ። «ሰው ሲጠራ ግን ይቀርባል። በፖስታ አልቀርብም።»

እሑድ ማኅበሩ ሽሮና ምስር በላ። የባልዲዬን አራቱን ዓይኔ ማየት ስላልቻለ ለሰው ሰጥቻቸው ነበርና፣ ሴቶቹ «ዓሣውስ?» ሲሉ «ትናንት አልያዘልኝም» አልኩ። ሳቁብኝ፤ ባለቤቴም ሳቀች። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አልሳቁም፤ አላጋለጡኝምም። እዚያው መሐል አንድ የረሳሁት ነገር መጣብኝ። ዝዋይ ላይ አንድ ቀን ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ይዘን «የማነው?» ስንል አንድ ጎልማሳ «የኔ ነው» አለ። መረቡ የወንድሙ ልጅ ንብረት እንደሆነ ዳርቻው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ እዚያው ቆሟል። እኔ ግን ለወረቀቴ ስም ያስፈልገኝ ነበርና ጻፍኩት፤ መረቡን አቃጠልነው። ኢንተርቪው ላይ ይህን አላወራሁም። ያን ጊዜ በልቤ የናቅኩት ያን ዝም ያለ ልጅ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ሆሣዕና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ዋለ። ጋሼ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ወደ መኪናው መጡ። እኔን አዩና የኔን ክራቫት አስተካከሉልኝ። «ፍርድ ቤት ነው» አሉ። በመንገድ ላይ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ እኔ አስተረጉማለሁ፣ እኔ አሳምሬ አሳልፈዋለሁ፣ ዳኛው የሚሰማውም ጋሼ የሚሰሙትም በኔ አፍ ነው። ይህን ሳስብ ትንሽ ቀለል አለኝ። ከሁሉ የማፍረው በዚህ ቅለት ነው።

ስማቸው ሲጠራ አብሬያቸው ተነሳሁ። ዳኛው «አንተ ማን ነህ?» አለኝ። «ጓደኛቸው ነኝ፣ አስተርጓሚያቸው።» «አመሰግናለሁ፤ ጓደኛ አያስተረጉምም፤ ተቀመጥ» አለና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አስደወለ። ከስፒከሩ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ ጥርት ያለ አማርኛ። «ጤና ይስጥልኝ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የሚነገረውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ። 

ዳኛው አነበበ፤ ሴትዮዋ አስከትላ ተናገረች። «በዚህ ቀን በሐይቁ ዳርቻ ከተፈቀደው አራት በላይ፣ ሰባት ዓሣ ይዘው ተገኝተዋል። ኦፊሰሩ ሁሉንም የያዙት እርስዎ እንደሆኑ ሲጠይቅዎት አዎ ብለዋል። ከአራት በላይ እንደማይፈቀድ ያውቁ እንደሆነ ሲጠይቅዎትም አዎ ብለዋል። ይህ እውነት ነው?»

ጋሼ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆመዋል። ጠዋቱን ሙሉ ውሃ አልቀመሱም። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ያልተናደደ ፊት ነው፤ ቢናደዱ ምናለ! አንድ መዝገብ አንብቦ እንደጨረሰ ሰው ነበር የሚያዩኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሁለታችንም አሁን እናውቃለን። ልነሳ ብዬ እጄን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፍኩ። «ዓሣው የኔ ነው» ማለት ብቻ ነበር፤ በእንግሊዝኛም ሦስትና አራት ቃል ነው። እጄ እዚያው ቀረ። ምላሴም ቀረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ መሬት ግን እንዲህ ላለው አትሰነጠቅም።

ጋሼ ወደ ዳኛው ተመለሱ።

«ኩለሩ የኔ ነው» አሉ። «በኔ ዕቃ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

አልዋሹም። በሁዳዴ፣ በፍርድ ቤት ቆመው፣ አንዲት የውሸት ቃል ሳይናገሩ እኔን አዳኑኝ። ዳኛው ጥፋተኛ ነኝ ይላሉ ወይ ብሎ ደግሞ ሲያስጠይቃቸው «ጥፋተኛ ነኝ ብሏል ተብሎ ይመዝገብልኝ» አሉ። ያችን «ይመዝገብልኝ» የምትለውን ቃል የተናገሩበት ድምፅ የሥራ ድምፃቸው ነበር። ቅጣታቸውን ራሳቸው ከፈሉ፤ እንድጠጋ አልፈቀዱልኝም።

መኪና ውስጥ ክራቫታቸውን ፈቱ፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኦሮራ ልንገባ ስንል «ባክግራውንድ ቼኩ አለፈ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልፏል ጋሼ። ከፋሲካ በኋላ ሰኞ እጀምራለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ዓሣዎቹን አደራ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ቀን…»

«ተወው፣ ልጄ» አሉ በመስኮት እያዩ። «ተመዝግቧል።»

ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። ሥራው እንደ አሰብኩት ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ጠዋት እንደ ምስር ፍሬ ያሉትን እንቁላሎች እየፈተሽኩ የሞቱትን እለቅማለሁ፤ ገንዳ አጥባለሁ፤ ጫጩቶቹን እመግባለሁ። ለብቻው በተከለለ ገንዳ ደግሞ የተራራውን ነባር ዓሣ እናሳድጋለን፤ እሱ የሚለቀቀው ማንም ይዞ ወደ ቤቱ በማይወስድበት ጅረት ነው። ኃላፊዋ ትወደኛለች። አዲስ ሰው ሲመጣ «አምስተኛውን ዓሣ ስለሚመልሰው ሰው ንገረው» ትለኛለች፤ እኔም እነግረዋለሁ። ምን ልበል? ፈገግ ብዬ እነግረዋለሁ።

በመጀመሪያው ጸደይ ዓሣ በጫነው መኪና ወደዚያው ሐይቅ ሄድኩ። ቱቦውን ወደ ውሃው አስገብተን ስንለቃቸው ዳር የቆሙት አጥማጆች አጨበጨቡልን። ጋሼ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ አንድ ሌላ ሽማግሌ ወንበር ዘርግቷል። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ሐይቅ አልሄዱም። ላይሰንሳቸው ጊዜው ሲያልፍ «ላድስልዎት?» አልኳቸው፤ «አይ፣ ጉልበቴ አይችልም» አሉ። ሲገናኙኝ ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ዓሣዎቹ ይጠይቁኛል፤ ይመርቁኛል። ልጃቸው የሆነውን እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ባለቤቴም አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ደብዳቤ ሲመጣላቸው ወደ እኔ ይዘው መውጣት ተዉ። ለሰውም «ይሄ አፌ ነው» ሲሉ ከዚያ በኋላ አልሰማኋቸውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ልጃቸው ደወለችልኝ። ዓይናቸውን ሊታዩ ቀጠሮ አላቸው፤ እሷ ከሥራ መውጣት አልቻለችም፤ እባክህ አድርስልኝ አለች። ደስ አለኝ። እንደ ድሮው አብረን ሄድን፣ ፓርክ አደረግኩ፣ ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ቀና ብላ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀንና ምን እንደሚያማቸው ጠየቀች። እኔ ከልማዴ አፌን ከፈትኩ።

ጋሼ እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ። «አንተ አትድከም፣ ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ የተለማመዱት እንደሆነ በሚያስታውቅ እንግሊዝኛ፣ አንድ በአንድ ተናገሩ።

«ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ። አማሪክ።»

ሴትዮዋ ስልኩን አንስታ ወደ አስተርጓሚ ደወለችና በመስኮቱ በኩል አቀበለቻቸው። እኔ ኮታቸውን ተቀብዬ ሰው ከሚጠብቅበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከስልኩ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው በአማርኛ ጤና ይስጥልኝ ሲላቸው ተሰማኝ፤ ጋሼም ሕመማቸውን ይነግሩት ጀመር።